ጣራ ስለ ማፍረስና ስለ መክደን

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ብዙውን ነገር አስቀድሞ ለማሰላት ይችላል። ገበሬ የዘሩን ወቅት ያውቃል፤ ነጋዴ ትርፉንና ኪሳራውን ይገምታል፤ ተማሪም ፈተናው የሚደርስበትን ወር ቈጥሮ ይዘጋጃል። በሽታ ግን ለማንም ቀጠሮ አይሰጥም። ትናንት እንጨት ሲፈልጥ የዋለው ጎልማሳ ዛሬ ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል፤ ትናንት ለልጆቿ ስታበስል ያመሸችው እናት ዛሬ በሐኪም ፊት ተቀምጣ የማታውቀውን የበሽታ ስም ትሰማለች። የበሽታው ሥቃይ ሳያንስ ሌላ ሁለተኛ ሥቃይ ተከትሎት ይገባል፤ ይኸውም የሕክምናው ዋጋ ነው።

ስለዚህ ሰዎች በኅብረት መኖር ከጀመሩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲያስጨንቃቸው ኖሯል። የታመመ ሰው የሕክምና ዋጋ የማን ዕዳ ነው? የራሱ የበሽተኛው ነው? የዘመዶቹ ነው? ወይስ በአንድ ሕግ ሥር አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ሁሉ ዕዳ ነው? ከዚህም ጥያቄ ሌላ ሁለተኛ ጥያቄ ይወለዳል። ዕዳውን ሁሉም እንዲሸከሙት የሚያደርግ ሕግ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ፥ ሕጉን ያልወደዱት ሰዎች ሥልጣን ሲይዙ ሊያፈርሱት ይገባልን? ቢያፈርሱትስ፥ በእርሱ ተጠልለው ለነበሩት ሰዎች ምን ዕዳ አለባቸው?

በዚህች ድርሰት እናንተ ወጣቶች እንድታስቡበት የምፈልገው ይልቁንም ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ምሳሌውንም ከአሜሪካ አገር እወስዳለሁ፤ በዘመናችን ይህ ጥያቄ እንደዚያ አገር የተፋጀበት ቦታ አላውቅምና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የባዕድ አገር ፖለቲካ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ቢኖር፥ በዚያ አገር ታክሲ እየነዱ ወይም ትንሽ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ብዙ መሆናቸውን ያስብ። እነዚህ ሰዎች መድን የሚገባላቸው አሠሪ የላቸውምና ሕጉ ሲቆምም ሲናወጥም ነገሩ በቀጥታ ይነካቸዋል። ከዚህም በላይ ትምህርቱ ለማንኛውም አገር ነው።

አስቀድመን መድን ምን እንደ ሆነ እንረዳ። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ብለዋል። የመድን ምሥጢር በሙሉ በዚህች ምሳሌ ውስጥ አለ። ብዙ ሰዎች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ ከእነርሱም መካከል መከራ ለደረሰበት ከተዋጣው ይከፈልለታል። ዕድራችን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዳሩ ግን ዕድር አንድ ጥብቅ ደንብ እንዳለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሬሳ በቤቱ ካስተኛ በኋላ ዛሬ ልመዝገብ ብሎ የሚመጣውን ሰው ዕድር አይቀበልም። ጎረቤት ሁሉ ያዝንለታል፥ ለቅሶውንም ይደርሳል፤ አባል አድርጎ ግን አይመዘግበውም። ምክንያቱም ይህ ቢፈቀድ ማንም በደኅናው ቀን አያዋጣም፤ ሁሉም መከራው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ሣጥኑም ባዶ ይሆናል።

በጤና መድን ላይ ይህ ደንብ ከባድ ችግር ያመጣል። ሲወለድ ጀምሮ ልቡን የታመመ ሕፃን በደኅናው ቀን ሳያዋጣ ቀረ ተብሎ ሊወቀስ አይችልም፤ ደኅና ቀን አልነበረውምና። እንግዲህ ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ። በሽተኛውን ከውጭ ማስቀረት ጭካኔ ነው፤ በሽተኛውን ብቻ ተቀብሎ ጤነኛውን መተው ደግሞ ሣጥኑን ማራቆት ነው። የአሜሪካ ክርክር ሥሩ ይህ ነው።

በዚያ አገር ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1945 ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ብሔራዊ የጤና መድን እንዲቋቋም ኮንግሬስን ጠይቀው ነበር፤ ነገር ግን የሐኪሞች ማኅበር ሳይቀር ብርቱ ተቃውሞ ስለ ተነሣ ሐሳባቸው ሳይፈጸም ቀረ። ከ20 ዓመት በኋላ በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሜዲኬር የተባለውን ለሽማግሌዎች፥ ሜዲኬይድ የተባለውን ደግሞ ለድኾች የሚሆን የመንግሥት መድን አቋቋሙ። ሕጉንም የፈረሙት ትሩማን በሚኖሩበት ከተማ ሄደው፥ ሽማግሌው በተቀመጡበት ነው። የቀረው ሕዝብ በአብዛኛው መድን የሚያገኘው ከአሠሪው ነበር። እንዲህም ስለ ሆነ በመካከል የወደቀ ብዙ ሕዝብ ተገኘ፤ ይኸውም ለሜዲኬር ያላረጀ፥ ለሜዲኬይድ ደግሞ ድኽነቱ ያልበቃ፥ መድን የሚሰጥ አሠሪም የሌለው ነው። ይህ ሰው ለብቻው ወደ መድን ኩባንያ ሲሄድ አስቀድሞ ታምሞ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ታምሞ ከተገኘ በብዙ ግዛቶች ኩባንያው ሊመልሰው ወይም የማይቻል ዋጋ ሊጠይቀው ይችል ነበር። በ2010 መድን የሌለው ሰው ቁጥር ወደ 48 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1986 የወጣ ሕግ ሆስፒታሎች በድንገተኛ አደጋ የመጣውን ሰው መክፈል አይችልም ብለው እንዳይመልሱ ያዝዛል፤ ነገር ግን ሰውየው ከሞት አፋፍ ላይ እስኪደርስ የሚጠብቅ ርኅራኄ በጣም የዘገየ ርኅራኄ ነው።

በመጋቢት 2010 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የጤና መድን ሕጋቸውን ፈረሙ። የዚህን ሕግ አሠራር ለመረዳት የቤታችንን ምድጃ ማሰብ ይበቃል። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ጉልቻ፥ የመድን ኩባንያ ማንንም ሰው አስቀድመህ ታመሃልና አልቀበልህም እንዳይል፥ ስለ ሕመሙም ብሎ የመድኑን ክፍያ ከፍ እንዳያደርግበት መከልከሉ ነው። ሁለተኛው ጉልቻ፥ ጤነኛውም ሰው መድን እንዲገባ፥ እምቢ ካለም መቀጫ እንዲከፍል መታዘዙ ነው። ሦስተኛው ጉልቻ፥ ገቢው ለክፍያው ለማይበቃው ሰው መንግሥት እንዲደጉመው፥ በጣም ድኻ የሆነውም በሜዲኬይድ እንዲታቀፍ መደረጉ ነው። ከእነዚህ ሌላ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው ድረስ በወላጆቻቸው መድን እንዲቆዩ ተፈቀደ። በ2016 መድን የሌለው ሕዝብ ቁጥር ወደ 28 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ሃያ ሚሊዮን ሰው ማለት በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ግን አንድ ቤት፥ አንድ አልጋ፥ ሌሊት የማይተኛ አንድ ጠባቂ እንዳለው ማሰብ ይገባል።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚዎቹን በቅንነት እንስማ። የሌላውን ወገን ቃል ሳይሰማ የሚፈርድ ሰው እውነት ላይ ቢደርስ ስንኳ በአጋጣሚ ነው። የመጀመሪያው ክርክራቸው የነፃነት ነው። መንግሥት ግብር ሊጥልብኝ ይችላል፤ ነገር ግን ከነጋዴ ዕቃ ግዛ ብሎ ሊያዘኝ በምን ሥልጣኑ ነው? አሉ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2012 ነገሩን ሲመረምር በ5 ለ4 ድምፅ ብቻ ነበር መቀጫውን እንደ ግብር ቈጥሮ ያጸናው። ሁለተኛው ክርክራቸው የዋጋ ነው። ሕጉ በሽተኛውን ሲያስገባ የጤነኛውን ክፍያ ከፍ ማድረጉ አልቀረም፤ ገቢው ከድጎማው ጣራ ጥቂት ከፍ ያለው ሰው ሸክሙን ሙሉ በሙሉ በራሱ ትከሻ ተሸከመ። ሦስተኛው ክርክራቸው የቃል ኪዳን ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ የያዘውን መድን የወደደ ሰው ይዞት ይቆያል ብለው ደጋግመው ተናግረው ነበር፤ በ2013 ግን ብዙ ሚሊዮን ሰዎች የያዙት መድን እንደ ተሰረዘ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳቸው። ፕሬዚዳንቱም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። መልካም ሥራ የሠራ ሰው ሥራውን ለማስወደድ ሲል ከእውነት ዝንፍ ያለ እንደ ሆነ፥ ለጠላቶቹ ሰይፍ አቀበላቸው ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ሕጉ ሲወጣ ከተቃዋሚው የሪፐብሊካን ወገን በመጨረሻው ውሳኔ አንድም ድምፅ አላገኘም። ዴሞክራቶቹ ብቻቸውን ሠሩት፤ ሪፐብሊካኖቹም ብቻቸውን ሊያፈርሱት ማሉ። እንሽረዋለን፥ እንተካዋለን የሚለው ቃል ለሰባት ዓመታት በየምርጫው መድረክ ተሰማ። በእንደራሴዎች ምክር ቤት ሕጉን በሙሉም ሆነ በከፊል ለመሻር ከ50 ጊዜ በላይ ድምፅ ተሰጠ። በ2016 መጀመሪያ የመሻሪያው ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ እርሳቸውም አልፈርምም ብለው መለሱት። እንደማይፀድቅ እያወቁ ድምፅ መስጠት ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ነገ የሚጠይቅ የለም።

በ2017 ግን ነገሩ ተለወጠ። ዶናልድ ትራምፕ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ሪፐብሊካኖች ያዙ። የሚከለክላቸው ጠፋ። በዚያን ጊዜ ከሁለቱ ቃላት አንደኛው ብቻ ተዘጋጅቶ እንደ ነበረ ታወቀ። መሻሩ ተዘጋጅቷል፤ መተካቱ ግን አልተዘጋጀም። የእንደራሴዎች ምክር ቤት በግንቦት መጀመሪያ አንድ ረቂቅ በ217 ለ213 አሳለፈ፤ ያሳለፈውም የሕግን ወጪና ውጤት የሚያሰላው የኮንግሬስ የበጀት መሥሪያ ቤት የመጨረሻውን ረቂቅ ቈጥሮ ሳይጨርስ ነው። ቈጠራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲወጣ፥ ረቂቁ ሕግ ቢሆን በ2026 መድን የሌላቸው ሰዎች ነባሩ ሕግ ቢቀጥል ከሚኖረው ቁጥር በ23 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገመተ። ልብ በሉ! ከምርጫው በፊት ስንት ሰው እንደሚጎዳ ለማወቅ መጠበቅ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር የሚፈጀው።

በሐምሌ መጨረሻ ነገሩ ወደ ሴኔት ደረሰ። ሌሎቹ ረቂቆች ሁሉ ስለ ወደቁ በመጨረሻ አንድ አጭር ረቂቅ ቀረበ። ረቂቁ በሌሊት ወጣ፤ ጥቂት ሰዓታት ቈይቶም ለድምፅ ቀረበ። የበጀት መሥሪያ ቤቱ ይህም ቢሆን 16 ሚሊዮን ሰው ከመድን ውጭ እንደሚያደርግ ገምቶ ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ጥቂት ሴናተሮች የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ይህን ረቂቅ እንዳለ ሕግ እንደማያደርገው ቃል ካልገባልን ድምፃችንን አንሰጥም አሉ። ሕግ እንዲሆን ለማይፈልጉት ሕግ ድምፅ ለመስጠት ዋስትና ጠየቁ ማለት ነው! ሰው ከገዛ ቃሉ ጋራ እስከዚህ ድረስ ሲራራቅ ማየት ያሳዝናል።

በዚያች ሌሊት በሐምሌ 28 ረቂቁ በ51 ለ49 ወደቀ። ከሪፐብሊካኖች ሦስት ሰዎች ከወገናቸው ተለዩ፤ የሜይኗ ሱዛን ኮሊንስ፥ የአላስካዋ ሊሳ መርካውስኪና የአሪዞናው ጆን ማኬይን ናቸው። ማኬይን ከጥቂት ቀናት በፊት የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሮአቸው ነበር፤ ከሕመማቸው ተነሥተው መጥተው በባልደረቦቻቸው ፊት ቆሙና አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አድርገው እምቢታቸውን ገለጹ። ዓለም ሁሉ የእርሳቸውን እጅ ተመለከተ። እኔ ግን ሁለቱን ሴቶች አብራችሁ እንድታስታውሱ እለምናችኋለሁ፤ እነርሱ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በግልጽ ጸንተው ቆይተዋልና። በታሪክ ውስጥ የመጨረሻው ጠብታ ስም ያገኛል፤ ማድጋውን የሞላው ውሃ ግን ይረሳል።

አስተውሉ፤ ማኬይን ያንን የ2010 ሕግ የሚወዱ ሰው አልነበሩም። ሲወጣ ተቃውመውታል፤ እንዲሻርም ተናግረዋል። ከድምፁ ሦስት ቀን በፊት ባደረጉት ንግግር የወቀሱት ሁለቱንም ወገኖች ነው። ዴሞክራቶቹ ሕጉን ያለ ተቃዋሚዎቹ ስምምነት አሳለፉት፤ እኛም ያንኑ ስሕተት ልንደግም አይገባንም፤ ወደ ኮሚቴ እንመለስ፥ በግልጽ እንከራከር የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ። ሕጉን ባይወዱትም ጣራውን ያለ ምትክ ማንሣት አልፈቀዱም።

ይህን ነገር ባሰብሁ ቁጥር በዕድራችን ያየሁት ትዝ ይለኛል። ከማስተማር ሥራ ጋራ ለብዙ ዓመታት የዕድር ጸሓፊ ነበርሁ። በአንድ የእሑድ ስብሰባ ላይ ጥቂት አባላት ተነሥተው ብርቱ አቤቱታ አቀረቡ። መዋጮው በዝቷል፤ የገንዘብ ያዡ ሒሳብ አይታወቅም፤ ድንኳኑ ተቀዷል፤ ዘመድ የበዛለት ሰው በየጊዜው ይወስዳል፥ ዘመድ የሌለው ግን ሲያዋጣ ይኖራል አሉ። አብዛኛው የተናገሩት እውነት ነበር። ስለዚህ ይህን ዕድር እናፍርስ፥ ያለውን ገንዘብ እንካፈል፥ ሌላ የተሻለ ደግሞ በኋላ እናቋቁማለን ሲሉ ብዙ ሰው አጨበጨበ። ያን ጊዜ ብዙ የማይናገሩ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሡና፦ «ልጆቼ፥ ማፍረሱን አልከለክላችሁም። ብቻ አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ይህ ከፈረሰ በኋላ፥ ያኛው ሳይቆም የሚሞተው ሰው በየትኛው ድንኳን ይለቀስለታል?» ብለው ተቀመጡ።

ማንም አልመለሰም። ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። አዲሱ መተዳደሪያ ደንብ አስቀድሞ እንዲጻፍ ተወሰነ። ጽሕፈቱና ክርክሩ ስምንት ወር ፈጀ። በእነዚያ ስምንት ወራት ሦስት አባላት ሞቱ፤ ሦስቱንም የቀበራቸው ያ የተወቀሰው አሮጌ ዕድር ነው። ሒሳቡ ተመረመረ፤ ገንዘብ ያዡም ተለወጠ። በመጨረሻም አንድ እሑድ አሮጌው ደንብ ተሽሮ አዲሱ በዚያው ሰዓት ተተካ፤ ገንዘቡም፥ መዝገቡም፥ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩም ሳይበተን ተሻገረ። ቅሬታ ያቀረቡትም ሰዎች የፈለጉትን አገኙ፤ ማንም ሰው ግን ያለ ድንኳን አልቀረም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የማወጣው ትምህርት ይህ ነው። ሕግን የሚሽር ሰው የሕጉን ዕዳ ይወርሳል። አባቱ የተበደረውን ቤት የወረሰ ልጅ ዕዳውን አልወድም ብሎ ቤቱን ብቻ ሊወስድ እንደማይችል ሁሉ፥ የሻሪነትን ሥልጣን የወሰደ ሰውም የተጠለሉትን ሰዎች አላውቃቸውም ሊል አይችልም። ሕጉን እርሱ አላወጣውም ይሆናል፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ተቃውሞት ይሆናል። ነገር ግን በሽተኛዋ ሴት ሕክምናዋን የጀመረችው በወገን ስም አይደለም፤ በአገሩ ሕግ አምና ነው። የአገሩም ቃል የተሰጣት ማን በሥልጣን ላይ እንዳለ ተጠይቆ አይደለም። ስለዚህ መሻርና መተካት ሁለት ሥራ ሳይሆኑ አንድ ሥራ ናቸው፤ መተካቱም መቅደም አለበት።

አንድ ሰው ተነሥቶ፥ እንደዚህ ከሆነ አንድ ጊዜ የወጣ ሕግ ሁሉ ለዘላለም ሊኖር ነው ወይ? ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ሰውን የሚበድል ሕግ ምትክ ሳይጠበቅለት ዛሬውኑ ይሻር፤ ሌባ የሰረቀውን ሲመልስ ምትክ ስጡኝ አይልምና። እኔ የምናገረው ደካማ ሰው ሕይወቱን ስላስደገፈበት ሕግ ነው። እንደዚህ ያለውን ሕግ መለወጥ ይቻላል፤ የሚለወጠው ግን ገበሬ በክረምት ጣራውን እንደሚያድስ ነው። ገበሬ በሐምሌ ዝናብ ሣሩ አርጅቷል ብሎ ክዳኑን በሙሉ አይገፍም፤ አዲሱን ሣር አስቀድሞ ያከማቻል፥ ያረጀውን በየመደቡ እያነሣ ወዲያው ይከድናል፤ ልጆቹም ከውስጥ ተኝተው ያድራሉ።

እንደዚሁም በሕጉ ምክንያት ክፍያው የናረበትን ሰው ቸል ልንለው አይገባም። እርሱም ቤት አለው፥ እርሱም ልጆች አሉት። ነገር ግን የእርሱ በደል የሚካሰው ሸክሙን በማስተካከል እንጂ በሽተኛውን ከደጅ በማስወጣት አይደለም። ስለ አንዱ ጭነት ብሎ ሌላውን ወደ ገደል መጣል ፍርድ አይባልም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደሚባለው፥ በዚያች ሌሊት ድምፅ የሰጡት ሰዎች ሁሉ ራሳቸው መድን ነበራቸው፤ ስለዚህ የሌላቸውን ሰዎች ሌሊት ማሰብ የሚጠበቅባቸው ከሌላው ሰው ይበልጥ ነበር።

ግዴታው በአፍራሾች ላይ ብቻ አይደለም፤ በሠሪዎችም ላይ አለ። ለብዙ ትውልድ የሚሆን ቤት የሚሠራ ሰው፥ ጎረቤቱ በልቡ ያላመነበትን አጥር ሲያጥር ጠብን አብሮ ይተክላል። የሜዲኬርን ሕግ በ1965 ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰዎች ደግፈውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ወገን ይሻር ብሎ ለምርጫ ለመቅረብ አልደፈረም ለማለት ይቻላል። የ2010ሩ ሕግ ግን ያን ዕድል አላገኘም። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ብዙ ክርክር ያለበት ነው፤ ዴሞክራቶቹ ለምነን እምቢ ተባልን ይላሉ፥ ሪፐብሊካኖቹ ማንም አልሰማንም ይላሉ። የሆነው ሆኖ ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ሕጉ ሲወለድ ጀምሮ ጠበኛ አላጣም።

ከ2017 ወዲህም ጠቡ አልበረደም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የግብር ሕግ መቀጫውን ከ2019 ጀምሮ ወደ ዜሮ አወረደው፤ ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ተነሣ ማለት ነው። ብዙ ሊቃውንት ድስቱ ይገለበጣል ብለው ፈርተው ነበር፤ ግን አልተገለበጠም። ምክንያቱም ክፍያው በጨመረ ቁጥር ድጎማው አብሮ ይጨምር ስለ ነበር፥ የመንግሥት እጅ ድስቱን ደግፎ ያዘው። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ በሙሉ ይፍረስ የሚለውን ክስ ከሳሾቹ ለመክሰስ የሚያበቃ ጉዳት አላሳዩም ብሎ በ7 ለ2 መለሰው። በዚያው ዓመት ድጎማው ተጨመረ፤ በሕጉ ገበያ መድን የሚገቡት ሰዎችም በዝተው በ2025 ከ24 ሚሊዮን በለጡ። ዳሩ ግን ጭማሪው የተፈቀደው እስከ 2025 መጨረሻ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የአገሩ መንግሥት በጀት አጥቶ ለ43 ቀናት ሲዘጋ፥ ከጠቡ ምክንያቶች ዋናው ይኸው የድጎማ ጭማሪ ይቀጥል አይቀጥል የሚለው ነበር። ዴሞክራቶቹ ራሳቸው ጭማሪውን ሲያወጡ የሚያበቃበትን ቀን ጽፈውበት እንደ ነበር አትርሱ። ጣራን ለአጭር ዘመን ከድኖ ዝናቡ ሲመጣ ሌላው ይጨነቅበት ማለትም ከማፍረስ ብዙ አይርቅም።

ይህን ሁሉ ስነግራችሁ በሩቁ አገር እንድትፈርዱ ብቻ አይደለም። በአገራችንም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ቤተ ሰብ በየዓመቱ መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ከመድኑ በፊት ብዙ ገበሬ ልጁ ሲታመምበት በሬውን ይሸጥ ነበር፤ በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ በሚመጣው ክረምት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። እንግዲህ ያ የሩቁ አገር ጥያቄ በእኛም ደጅ ቆሟል። አምና አልታመምሁም፥ ገንዘቤ በከንቱ ቀለጠ፥ ዘንድሮ አላዋጣም የሚል ጤነኛ ሰው በእኛም መንደር አለ። በጤና ጣቢያው መድኃኒት አጥቶ የተመለሰ ሰውም ቅሬታው እውነት ነው፤ ሊሰማም ይገባዋል።

ስለዚህ፥ ልጆቼ፥ ሁለት ነገር እመክራችኋለሁ። የመጀመሪያው ዛሬ ለእናንተ ነው። ወጣት ናችሁ፤ ሰውነታችሁ ብርቱ ነው፤ መዋጮ ሲጠየቅ የሌላ ሰው ዕዳ ይመስላችኋል። ነገር ግን ያልታመመ ሰው መዋጮ በከንቱ አልቀለጠም፤ በማታውቁት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ አድኗል። እናንተም ሕፃን ሳላችሁ፥ አንዳች ሳታዋጡ፥ ሌሎች ያዋጡት ደርሶላችኋል። ማንም ሰው ከዚህ ዕዳ ነፃ ሆኖ አላደገም።

ሁለተኛው ለነገ ነው። ከእናንተ መካከል አንዳንዱ የዕድር ዳኛ፥ አንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ሹም፥ አንዳንዱም የሕዝብ እንደራሴ ይሆናል። ከእናንተ በፊት የነበሩት የሠሩትን ስትመረምሩ ጉድለት ማግኘታችሁ አይቀርም። ያገኛችሁትን ጉድለት በግልጽ ተናገሩ፥ ለማረምም ድፈሩ። ብቻ ለማፍረስ እጃችሁን ስታነሡ በዚያ ጣራ ሥር ማን እንደ ተኛ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሁኔታውን እወቁ። የምትተኩትንም ነገር በቃል ሳይሆን በእጃችሁ ይዛችሁ ቅረቡ። ይህን ካደረጋችሁ፥ ብትሽሩም ብታጸኑም፥ የታመመ ሰው በእናንተ ዘመን በሰላም ይተኛል።